ከግድግዳዋ የወረደችው ማርያም፦ የሞንተርኪ ሥዕል ጉዳይ

ነፍሰ ጡር ሴት ወሯ ሲገባ በእኛ አገር ያገኛት ሁሉ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ይላታል፤ ምጥ ሲይዛትም ቤቱ በሙሉ «ማርያም፣ ማርያም» ይላል። በማዕከላዊ ኢጣሊያ፣ በቶስካና ክልል፣ በአሬዞ አውራጃ ሞንተርኪ የምትባል ሁለት ሺህ ሰው የማይሞላባት የኮረብታ ከተማ አለች። የዚያች ከተማና የአካባቢዋ ነፍሰ ጡሮችም ጭንቃቸውን ይዘው የሚሄዱት ወደ አንዲት ማርያም ነበር። ማርያሟ ራሷ ነፍሰ ጡር ናት፤ ሆዷ ገፍቶ፣ ቀሚሷ ከፊት ተከፍቶ ቆማ ትታያለች። ኢጣሊያኖች «ማዶና ዴል ፓርቶ»፣ የወሊድ እመቤት ይሏታል።

ሥዕሉ የ15ኛው መቶ ዘመን ኢጣሊያዊ ሠዓሊ የፒዬሮ ዴላ ፍራንቼስካ ሥራ ነው። የተሣለው ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሚገኝ የሳንታ ማሪያ ዲ ሞመንታና ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ነበር። ዛሬ የሚታየው ግን በቀድሞ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ከመስተዋት ጀርባ ነው። እዚያ እንዴት እንደደረሰ፣ ለምን ወደ ቦታው እንዳልተመለሰና መመለሱ ምን እንደሚጠይቅ ነው የዚህ ጥናት ጉዳይ። የምናምንበትን ከወዲሁ እንናገር፦ ብዙዎች የጭቅጭቁን መነሻ ሥዕሉ ወደ ትምህርት ቤቱ ከገባበት ከ1990ዎቹ ይቆጥሩታል። እኛ የምንቆጥረው ከግድግዳው ከተላቀቀበት ከ1911 ነው። ከግድግዳው ጋር አንድ የሆነ ሥዕል የት ይቀመጥ፣ የማን ይሁን የሚል ጥያቄ አይነሣበትም። ሰው ሊሸከመው የሚችል ከሆነ ግን ጥያቄው በማግስቱ ይመጣል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥዕሉ ላይ ያለው

ፒዬሮ የተወለደው ከሞንተርኪ 15 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በሳንሴፖልክሮ ነው፤ የሞተውም እዚያው ጥቅምት 12 ቀን 1492 ነው። እናቱ የሞንተርኪ ልጅ ነበረች። ሥዕሉን በሣለበት ጊዜ ፒዬሮ በትልልቅ መሳፍንት ግቢ የሚፈለግ ሠዓሊ ሆኖ ሳለ ለአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ይህን የመሰለ ሥራ መሥራቱን ብዙዎች ከእናቱ አገርነት ጋር ያያይዙታል። ጊዜው በ1450ዎቹ ማብቂያና በ1460ዎቹ መጀመሪያ መካከል ነው ይባላል።

ሥዕሉ 2.60 ሜትር ቁመትና 2.03 ሜትር ስፋት አለው። በመካከሉ እመቤታችን ቆማለች። አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋለች፤ ወገቡ የደከመ ነፍሰ ጡር ሁሉ እንደሚያደርገው። የሌላው እጇ ጣቶች ሆዷ ላይ፣ ሰማያዊው ቀሚስ በተከፈተበት ስንጥቅ ጫፍ ላይ አርፈዋል። ከስንጥቁ ሥር ነጭ የውስጥ ልብስ ይታያል። ሆዷ ሲገፋ ቀሚሱ ስለጠበባት ማሰሪያውን ፈትታዋለች፤ ማንኛዋም የገበሬ ሚስት የምታደርገው ነው። ዓይኖቿ ወደ ታች ናቸው። ፊቷ ላይ ፈገግታም ሐዘንም የለም።

ግራና ቀኝ ሁለት መላእክት የድንኳኑን መጋረጃ ገልጠው ይዘዋል። ድንኳኑ ከውጭ የሮማን ፍሬ የተጠለፈበት ወርቀ ዘቦ ነው፤ ውስጡ በጠጉራም ቆዳ ተለብጧል። ይህ የቆዳ ገበር ያለ ምክንያት አልገባም የሚሉ የሥነ ጥበብ ታሪክ ሰዎች አሉ፤ በኦሪት ዘጸአት የምስክሩ ድንኳን በቆዳ እንዲከደን ታዟልና። በዚህ አነባበብ ማርያም የቃል ኪዳኑ ታቦት፣ ሁለቱ መላእክት ደግሞ በታቦቱ ላይ ያሉት ኪሩቤል ይሆናሉ። ለኢጣሊያ ጎብኚ ይህ ረጅም ማብራሪያ ይፈልጋል። እመቤታችን በየቀኑ ምስጋና ታቦት፣ ደብተራ፣ መሶበ ወርቅ ስትባል እየሰማ ላደገ ኢትዮጵያዊ ግን የመጋረጃው መገለጥ ብቻውን ይበቃዋል።

ነፍሰ ጡር ማርያምን መሣል በቶስካና ከፒዬሮ በፊትም የታወቀ ነበር። በ14ኛው መቶ ዘመን የፍሎረንስ ሠዓሊዎች ሆዷ ላይ የተዘጋ መጽሐፍ ያኖሩላት ነበር፤ ቃል ሥጋ መሆኑን ለማሳየት። ፒዬሮ መጽሐፉን አወጣው። በቦታው የቀረው የተከፈተው ቀሚስና እጇ ነው። ኋላ በ16ኛው መቶ ዘመን ከተካሄደው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትሬንት ጉባኤ በኋላ እንዲህ ያለው ሥዕል እየቀረ ሄደ። የሞንተርኪው የተረፈው ገጠር ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ርቆ ስለነበር ሳይሆን አይቀርም።

ሰባት ቀን

ፍሬስኮ በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ከለመድነው የግድግዳ ሥዕል የተለየ ነው። በጎንደርና በጣና ዙሪያ አብዛኛው ሥዕል በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ጨርቁ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። ፍሬስኮ ግን የሚሣለው ገና እርጥብ በሆነ የኖራ ልስን ላይ ነው፤ ቀለሙ የልስኑ አካል ይሆናል።

ሥራው እንዲህ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ለወራት፣ ቢቻል ለዓመታት ውሃ ጠጥቶ የበሰለ ኖራ ከሻካራ አሸዋ ጋር ይቦካል፤ መጠኑ አንድ እጅ ኖራ ለሁለት ወይም ለሦስት እጅ አሸዋ ነው። ይህ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ኖሮት ይለሰናል፤ ሲደርቅ ሸካራ እንዲሆን ይተዋል። በላዩ ደቃቅ አሸዋ ያለበት ስስ ልስን ይመጣል፤ ውፍረቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ሁለተኛው የሚለሰነው በዚያ ቀን ሊሣል የሚችለውን ያህል ብቻ ነው። ቀለሙ በውሃ ብቻ ይበጠበጣል፤ ሙጫ የለውም። ኖራው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ወደ ድንጋይ ሲመለስ ቀለሙን አብሮ ይቆልፈዋል። ሠዓሊው ያለው ጥቂት ሰዓት ነው፤ ልስኑ ከጠና በኋላ የተቀባ ቀለም ላዩ ላይ ይቀራል እንጂ አይገባም። ማታ ያልተሣለበት ልስን ተቆርጦ ይጣላል፤ በማግስቱ አዲሱ ልስን ከቁራጩ ጠርዝ ይቀጥላል። ስፌቱን የሚያውቅ ሰው መብራት ከጎን ቢያበራ በስንት ቀን እንደተሠራ ይቆጥራል። የሞንተርኪው በሰባት የሥራ ቀን አልቋል።

ሰባት ቀን የበቃበት አንዱ ምክንያት መላእክቱ ላይ ይታያል። ሁለቱ አንድ ንድፍ ናቸው። ንድፉ በወረቀት ላይ ተሠርቶ መስመሮቹ በመርፌ ተበሳስተዋል፤ ወረቀቱ እርጥቡ ልስን ላይ ተይዞ የከሰል ዱቄት የቋጠረ ጨርቅ ሲመታበት ነጠብጣቦቹ ይወርዳሉ። ለሁለተኛው መልአክ ፒዬሮ ወረቀቱን ገለበጠው። ከዚያ ቀለሙን አቀያየረ፦ የአንዱ ልብስ አረንጓዴ ሲሆን የሌላው ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ቀይ ነው፤ የእግር ሹራባቸው ደግሞ በተቃራኒው። ፊት ለፊት የቆመ ሰው ዓይኑ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄድና ሁልጊዜ መሐል ላይ፣ የእመቤታችን እጅ ላይ ይመለሳል። ከፒዬሮ ሥራዎች ሒሳቡ እንዲህ በግልጽ የሚታይበት ጥቂት ነው።

በቀለም በኩል ግን አልቆጠበም። ሰማያዊው ከአፍጋኒስታን ተቆፍሮ በቬኒስ ነጋዴዎች በኩል የሚመጣ የላፒስ ላዙሊ ድንጋይ ነው፤ በዘመኑ እጅግ ውድ ከሆኑት ቀለሞች አንዱ ነበር። እንዲህ ያለ ውድ ቀለም በብዛት የሚቀባው ልስኑ ከደረቀ በኋላ በማጣበቂያ ነው። በኖራው ስላልተቆለፈም ቀድሞ የሚረግፈው እሱ ነው። በመላ ኢጣሊያ በፍሬስኮ ላይ የማርያም ሰማያዊ ልብስ ተጎድቶ ቀዩና አረንጓዴው ደኅና ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ጉዳትና የ1911 ማላቀቅ

በ1785 የሞመንታና ቤተ ክርስቲያን አብዛኛው ክፍል ፈርሶ ቦታው የከተማዋ መካነ መቃብር ሆነ። የተረፈው የመካነ መቃብሩ ጸሎት ቤት ሆኖ ቀጠለ። ሠዓሊው ተረሳ፤ ሴቶቹ ግን ሥዕሉን አልረሱም። የፒዬሮ መሆኑን የለየው የአሬዞው ቪንቼንዞ ፉንጊኒ ነው፤ ጊዜው 1889 ነው። እስከዚያ ድረስ ሥዕሉን ያቆየው የነፍሰ ጡሮች ጸሎት መሆኑ በክርክሩ ውስጥ ሊዘነጋ አይገባም።

ስሙ ከታወቀ በኋላ ስጋት መጣ። የእርጥብ ግድግዳ ነገር ነው፦ ውሃ ከመሬት በግድግዳው ውስጥ ይወጣል፤ የሟሟ ጨው ይዞ ይመጣል። ውሃው ላዩ ላይ ሲተን ጨው ከቀለሙ ሥር ይረጋና ያብጣል፤ ቀለሙን እንደ ቅርፊት ያነሣዋል። በ1910 እና በ1911 ዶሜኒኮ ፊስካሊ የተባለ ባለሙያ ሥዕሉን ከግድግዳው አላቀቀው።

ፍሬስኮ ማላቀቅ ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው ግድግዳውን ራሱን ቆርጦ ከነሥዕሉ ማውጣት ነው፤ ከባድና አደገኛ ነው። ሁለተኛው ሥዕሉን ከነስሱ ልስን ማንሣት ነው። ሦስተኛው ከአንድ ሚሊ ሜትር የሚያንስ የቀለም ቆዳ ብቻ መግፈፍ ነው። ፊስካሊ የተጠቀመው ሁለተኛውን ነው። የዚህ መንገድ ቅደም ተከተል በጥቅሉ እንዲህ ነው፤ ላዩ ከአቧራና ከጭስ ይጸዳል፤ የሚረግፈው በቅድሚያ ይጠነክራል። ከቆዳና ከአጥንት የተቀቀለ ሙጫ ሙቅ እንዳለ ይቀባና ስስ ጨርቅ ይለጠፋል፤ በላዩ ወፍራም ሸራ ይደረባል። ሙጫው እስኪደርቅ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ከዚያ የሥዕሉ ዙሪያ ይቆረጥና ረጃጅም ስስ ብረቶች ከታች ወደ ላይ በልስኑና በግድግዳው መካከል እየገቡ ያላቅቁታል። ሥዕሉ ፊቱን ወደ ታች ጣውላ ላይ ይተኛል፤ ጀርባው ይሳሳል፤ አዲስ ተሸካሚ ይደረግለታል። በመጨረሻ ተገልብጦ የፊቱ ጨርቅ በሙቅ ውሃ ይነሣል።

የሚበላሸው የት ነው ቢባል፣ እያንዳንዱ እርምጃ ላይ ነው። ሙጫው ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ደካማውን ቀለም ከልስኑ ይነቅላል። ሸራው ሲነሣ የሚፈሰው ሙቅ ውሃ በደረቅ ልስን ላይ የተቀባውን፣ ያንኑ ውዱን ሰማያዊ፣ ያጥባል። ያልጸዳ የሙጫ ቅሪት እርጥበት ሲያገኝ ይሻግታል፤ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። የቆየ ግድግዳ ወጣ ገባ ነው፤ አዲሱ ተሸካሚ ግን ዝርግ ስለሆነ የብርሃኑ አወራረድ ይለወጣል። ተሸካሚው ጄሶ ከሆነ ደግሞ እርጥበት ይጠጣል። በ1966 ፍሎረንስን ጎርፍ ሲመታት ብዙ ፍሬስኮ ከግድግዳው ተላቅቋል፤ ከዚያ የተገኘው ልምድ ባለሙያዎችን ወደ ኋላ መልሷቸዋል። ዛሬ ማላቀቅ ግድግዳው ራሱ ሊወድቅ ካልሆነ በቀር አይሠራም።

ቢሆንም ፊስካሊን አንወቅሰውም። ሚያዝያ 26 ቀን 1917 መሬት ተንቀጥቅጦ ሞንተርኪን ክፉኛ ጎዳት። ሥዕሉ ተረፈ። ከዚያ ለጥበቃ ከከተማው ወጥቶ እስከ 1922 ድረስ ሌላ ቦታ ቆየ። ከግድግዳው ጋር አንድ እንደሆነ ቢቀር ኖሮ እንዲህ ማንሣት አይቻልም ነበር። ያተረፈው ሥራና ያከራከረው ሥራ አንድ ነው።

አንሰጥም

በ1954 ፍሎረንስ ውስጥ ለመጀመሪያው የኢጣሊያ ሥነ ጥበብ ሕዳሴ ታላላቅ ሠዓሊዎች ትልቅ ዐውደ ርእይ ተዘጋጅቶ ሥዕሉ በውሰት ተጠየቀ። የሞንተርኪ ማዘጋጃ ቤት እምቢ አለ። ከተማው ሥዕሉን የሚያየው እንደ ቤተ መዘክር ዕቃ አልነበረም፤ የወለደችና የምትወልድ ሴት ሁሉ ጠባቂ ናት፣ ከቦታዋ አትነሣም ተባለ። ትንሽ ከተማ ለትልቅ ከተማ እንዲህ ያለ መልስ ስትሰጥ ብዙ ጊዜ እንደ ኋላ ቀርነት ይቆጠርባታል። በጥገና ዓይን ግን ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ አንድ ጊዜ የተላቀቀ ፍሬስኮ በመኪና በተንገጫገጨ ቁጥር ከተሸካሚው መራቁ አይቀርም።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ዲኖ ዲኒ ሥዕሉን አደሰው፤ በዚያው ጊዜ የጸሎት ቤቱ አሠራርም ተቀየረ። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ዛሬ «ወደ ቦታዋ ትመለስ» ሲባል ፒዬሮ የሣለበት ቤተ ክርስቲያን እንደ ነበረ የለም፤ ያለው በ1785 የተቆረጠና በ1956 እንደገና የተሠራ ጸሎት ቤት ነው።

ከትምህርት ቤቱ እስከ ፍርድ ቤቱ

ፒዬሮ የሞተበት 500ኛ ዓመት ሲቃረብ ሥዕሉ ለእድሳት ከጸሎት ቤቱ ወጣ። ጊዜው 1992 ሲሆን እድሳቱን የመራው ጊዶ ቦቲቼሊ ነው። የድሮ እድሳቶች የጨመሩት ቀለም ተነሣ፤ የጠፋው እንደጠፋ ታየ፤ የድንኳኑ ጫፍ ለምሳሌ ዛሬ የለም። እድሳቱ ሲያልቅ ሥዕሉ በከተማው ውስጥ ቪያ ሬሊያ ላይ በቀድሞው ትምህርት ቤት ለሕዝብ ቀረበ። ጊዜያዊ ነው ተብሎ ነበር። ጊዜያዊው ሠላሳ ዓመት አለፈው።

ክርክሩ ሦስት ወገን አለው። ማዘጋጃ ቤቱ መካነ መቃብሩም ጸሎት ቤቱም የከተማው ነው፣ ሥዕሉም የከተማው ነው ይላል። ሀገረ ስብከቱ ለጸሎት የተሣለች ማርያም ናት፣ ቦታዋ መሠዊያ ያለበት ነው ይላል። የመንግሥት የቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ደግሞ የሥዕሉ ደኅንነት ይመለከተዋል፤ ያለ እሱ ፈቃድ ምስማር እንኳ አይነቀልም። ነገሩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ከተማው ውስጥ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ይግባ የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር፤ ለእኛ ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። የሙዚየሙ ጥበቃም የሞመንታናም ታሪክ የለውም።

እኛ የሞመንታናውን እንደግፋለን፤ ነገር ግን በስሜት የሚደረግ መመለስ ሥዕሉን ሊገድለው ይችላል። ችግሩ እስትንፋስ ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በሰዓት ከ40 እስከ 60 ግራም ውሃ በትንፋሹና በላቡ ያወጣል። 25 ጎብኚ በአንድ አውቶቡስ መጥቶ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ከ500 እስከ 750 ግራም ውሃ ትንሽ ጸሎት ቤት ውስጥ ይለቃል። በክረምት ግድግዳው ቀዝቃዛ ነው፤ ያ ውሃ ሥዕሉ ላይ ያርፋል። ቡድኑ ሲወጣ ይደርቃል፤ ሌላው ሲገባ ይረጥባል። ጨው የሚሠራው በዚህ መመላለስ ነው። ያለማቋረጥ እርጥብ የሆነ ግድግዳ እንኳ ከዚህ ይሻላል።

ስለዚህ ከመመለሱ በፊት የጸሎት ቤቱ የአየርና የግድግዳ ሙቀትና እርጥበት ቢያንስ ለአንድ ሙሉ ዓመት ያለማቋረጥ መለካት አለበት፤ ክረምትና በጋ ሳይታይ የሚወሰን ነገር የለም። በዙሪያው ውሃ የሚያወርድ ቦይ ተቆፍሮ ከመሬት የሚወጣው እርጥበት ይቁም። ሥዕሉ በምንም ዓይነት ግድግዳውን መንካት የለበትም፤ ከወለሉ በተተከለ የራሱ ማቆሚያ ላይ፣ ከጀርባው አየር እንዲያልፍ ሆኖ ይቁም። ማቆሚያው መሬት ሲንቀጠቀጥ አብሮ የማይወዛወዝ መሆን አለበት፤ 1917 የተረሳ ጉዳይ አይደለም። የሚገባው ሰው በቁጥር፣ በሰዓት ይሁን። ተራ የሚመስለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው፦ 2.03 ሜትር ስፋት ያለው ሥዕል ሳይጋደም፣ እንደ ቆመ፣ ከነመከላከያ ሳጥኑ በየትኛው በር ይገባል? በሩ ካልበቃ ግድግዳ ይፈርሳል፤ የሚፈርሰው ግድግዳ ደግሞ ከፒዬሮ ቤተ ክርስቲያን የተረፈው ጥቂቱ ነው።

ይህ ሁሉ ከተሟላ ቦታዋ ሞመንታና ነው። ካልተሟላ ግን መስተዋቱ ይቆይ።

ሊያያት ለሚሄድ

ከአሬዞ ቢነሡ ይሻላል፤ ሞንተርኪ ከዚያ በመኪና 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አሬዞ ውስጥ በሳን ፍራንቼስኮ ቤተ ክርስቲያን ፒዬሮ የእውነተኛውን መስቀል ታሪክ በግድግዳ ሥሏል፤ ንግሥተ ሳባ በድልድዩ እንጨት ፊት ተንበርክካ፣ ንግሥት እሌኒም መስቀሉን ስታስቆፍር ይታያሉ። ደመራ ሲለኮስ እያየ ላደገ ሰው እዚያ ጥቂት መቆየት የግድ ነው። ያ ሥራ አሁንም በግድግዳው ላይ ስለሆነ ሞንተርኪ ሲደርሱ ልዩነቱ ይታወቃል።

ሙዚየሙ ውስጥ በቅድሚያ ራቅ ብለው የድንኳኑን ቅርጽ፣ ከዚያ ቀረብ ብለው የመላእክቱን እጅ ያስተያዩ፤ አንዱ የሌላው ግልባጭ መሆኑ በጣቶቹ ላይ በደንብ ይለያል። ከዚያ በእግር ወደ መካነ መቃብሩ ወርደው ጸሎት ቤቱን ማየት ነው። ወደ ሙዚየሙ ለመግባት ቲኬት ይቆረጣል። ነፍሰ ጡር ሴት ግን አትከፍልም።